ለኬብል ወንበርም ለእግር ጉዞም የሚሆን የስኪ ማሰሪያ

[ምስል፦ ጫማ ማሰሪያ ውስጥ ሲገባ፣ ከቅርብ]

ጫማን በበረዶ ላይ ከሚንሸራተቱበት ረጅም ሰሌዳ፣ ከስኪው፣ ጋር የሚያገናኘው የስኪ ማሰሪያ ሥራው ጫማን አጥብቆ መያዝ ብቻ ይመስላል። ከዚያ የሚበልጠው ሥራው ግን በሰዓቱ መልቀቅ ነው። ስትወድቁ ረጅሙ ስኪ እግራችሁን ይጠመዝዛል፤ ማሰሪያው ካልለቀቀ ቅልጥም ይሰበራል፣ የጉልበት ጅማት ይበጠሳል።

በኬብል ወንበር ወጥቶ ለሚወርድ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የተለመደው ማሰሪያ የጫማውን ፊትና ተረከዝ ቆልፎ ይይዛል፤ ሲያስፈልግ ፊቱ ወደ ጎን፣ ኋላው ወደ ላይ ይለቃል። በእግሩ ተራራ ለሚወጣ ግን ተረከዝ መነሳት አለበት። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ፒኖች የጫማውን ፊት ነክሰው ሲይዙ]

በ1980ዎቹ ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርተል የጫማውን ፊት በግራና በቀኝ በሁለት ፒኖች የሚይዝ ማሰሪያ ሠራ፤ የስኪ ዕቃ አምራቹ ዳይናፊትም ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ነጠላው 300 ግራም አካባቢ የሚመዝን አለ። ሽቅብ ሲወጡበት ያስደስታል። በጠጠረ በረዶ ላይ በፍጥነት ሲወርዱበት ግን ንዝረቱ ሁሉ ጉልበት ላይ ይደርሳል። አብዛኞቹም ወደ ጎን የሚለቁት ከኋላ በኩል ብቻ ነው።

ከጫማው ጋር ሙሉ በሙሉ የሚነሳው የፍሬም ማሰሪያ በየእርምጃው ብረቱን ሁሉ ያሸክማል። እኔ አልገዛውም።

በ2018 የወጣው፣ ሳሎሞን የተባለው ኩባንያ የሠራው ሺፍት የፒኑንና የተለመደውን ማሰሪያ አዋሐደ፦ ሽቅብ በፒን፣ ቁልቁል እንደ ተለመደው ማሰሪያ። ክብደቱ ነጠላው 900 ግራም ይጠጋል።

[ምስል፦ የኮሎራዶ ተራሮች]

ዴንቨር የምትኖሩ እንበል። ቅዳሜ ዊንተር ፓርክ ሪዞርት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለው የተራራ መተላለፊያ፣ በርቱድ ፓስ፣ ትሄዳላችሁ። በርቱድ ድሮ የራሱ ኬብል ነበረው፤ ተነቅሏልና አሁን የሚወጣው በእግር ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው እንደ ሺፍት ያለውን እመርጣለሁ። ከግማሽ በላይ የምትወጡት በእግር ከሆነ ግን ክብደቱ ያስመርራችኋል፤ ቀላሉን ፒን ውሰዱና ለሪዞርቱ ያገለገለ ስኪ ፈልጉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጫማችሁን ገልብጡና እዩ። ፊቱ ላይ በብረት የተሠሩት የፒን ቀዳዳዎች ከሌሉ ፒኑ የሚነክሰው ነገር የለም። የሺፍት የፊት ክፍል ከፍታም ለጫማው ሶል መስተካከል አለበት። ማሰሪያው በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነውን የመልቀቂያ ቁጥር በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በችሎታና በሶል ርዝመት አስልቶ የሚያስተካክለው ባለሙያ ይሁን።

[ምስል፦ በበረዶ የተደፈነ የማሰሪያ ፊት]

ተራራ ላይ ደግሞ ይህን ተመልከቱ። ከፒኖቹ ሥር በረዶ ከተጠቀጠቀ ፒኖቹን የያዙት ክንፎች በደንብ አይገጥሙም። የተገጠሙ መስሏችሁ ሁለት እርምጃ ስትሄዱ ጫማው ይወጣል። በዱላችሁ ጫፍ ፈልፍላችሁ አውጡት፤ ጫማውን አስገቡና እግራችሁን ጥቂት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፒኖቹ በእርምጃ ላይ እንዳይለቁ የሚቆልፈውን የመራመጃ ቁልፍ ሳቡ። ለመውረድ ስትዘጋጁ ቁልፉን መልሱት፤ ተቆልፎ ከቀረ የበረዶ ናዳ ቢይዛችሁ እንኳ ስኪው ከእግራችሁ አይወልቅም።