ባሕር የሌለው ሰው የትኛውን ሌንስ ይግዛ?

እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ዝናብ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ በስብሳችሁ፣ ስለ ውሃ ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ይገርማል። ፊት ወንበር ላይ የፎቶ ቤት ጋሼዎችን አያለሁ። እኔ ሳልወለድ ቀይ መብራት ስር ፎቶ ሲያጥቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ፊት ስለ ሌንስ ማውራት ድፍረት ነው። ግን ጋሼ፣ የዛሬው ጨዋታ ውሃ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ የምናውቀው ነገር ትንሽ ይገለበጣል።

የዛሬውን ርዕስ የሰማ አንድ ጓደኛዬ "ባሕር የት አለህና?" አለኝ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። ባሕር ለማየት ጅቡቲ መውረድ አለብን። ርዕሱን የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ሌንስ ቢሳሳት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ይዞ ይመለሳል። እኛ የምንጠልቀው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ብር ከተገኘ። ሻንጣችን ውስጥ የሚገባውም አንድ ሌንስ ነው። አንዱ ሌንስ ታዲያ ለሁሉም መሆን አለበት።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ልንገራችሁ። ጅቡቲ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። ዌል ሻርክ በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፤ ውሃውን እያጣራ ጥቃቅን ነገር ነው የሚበላው። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ወጣት ይባሉ እንጂ ሚኒባስ ያህላሉ።

እኔ ምን ይዤ ሄድኩ? ከ24 እስከ 105 ሚሊሜትር የሚሄድ ዙም። ሰርግ የምሠራበት፣ እንጀራዬ የሆነ ሌንስ ነው። "ሲርቅ እስበዋለሁ፣ ሲቀርብ አሰፋዋለሁ" ብዬ ተማመንኩበት። ሃውዚንጉን፣ ማለትም ካሜራው የሚታሸግበትን ሳጥን፣ ከሰው ተዋስኩ። ፊቱ ላይ ያለው መስታወት ጠፍጣፋ ነበር። ስለ መስታወቱ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሻርኩ መጣ። ራቅ ብሎ ሳለ በ105 ሳብኩት። የወጣው ፎቶ ሰማያዊ ጉም ነው። ጉሙ ውስጥ ነጠብጣብ ያለው የሆነ ነገር አለ። እኔ ሻርክ ነው እላለሁ፤ እናቴ ብርድ ልብስ ነው ትላለች። ሲጠጋኝ ደግሞ ቶሎ ወደ 24 መለስኩት። ክንፉ ብቻ ገባ። አራት መቶ ፎቶ አንስቼ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ አጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄ ነው።

ምን ነበር ጥፋቱ?

ሐምሌ ላይ እንጦጦ ጉም ሲለብስ አስቡት። ከመስቀል አደባባይ ሆናችሁ በ200 ሚሊሜትር ብትስቡት ምን ታገኛላችሁ? ተለቅ ያለ ጉም። ውሃም እንደዚያው ነው። ጥርት ያለ የሚባለው ባሕር እንኳን በእናንተና በዓሣው መካከል ባለው ርቀት ልክ ጥራቱን ይበላል። ቀለሙንም ይበላል። ቀድሞ የሚሄደው ቀይ ነው። አምስት ሜትር ገደማ ስትወርዱ ቀይ ቲሸርታችሁ ቡኒ መምሰል ይጀምራል። ፍላሽ ቀለሙን ይመልሰዋል፤ ግን ፍላሹም ከአንድ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ዙም የሚባለው እግራችሁ ላይ ያለው ክንፍ ነው። መቅዘፍና መጠጋት። ሌንሱ ማድረግ ያለበት አፍንጫው ስር ገብታችሁም ዓሣውን ሙሉውን መያዝና ፎከስ ማድረግ ነው።

የኔ 24 ሚሊሜትር ይሄን ለምን አቃተው? ከመስታወቱ የተነሳ ነው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ይታጠፋል። በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ሲታይ ሁሉም ነገር በሲሶ ያህል ይተልቃል፤ ከርቀቱ ሦስት አራተኛ ላይ ያለም ይመስላል። የዋና መነጽር አድርጋችሁ እጃችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቦክሰኛ እጅ ይመስላል። እሱ ነው። በዚህ ሂሳብ 24 ሚሊሜትር ሌንስ 32 ገደማ ይሆናል። ሰፊ ሌንሴ ውሃ ሲነካው ጠበበ ማለት ነው። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ቀለም እየተሰነጠቀ ይደበዝዛል።

መፍትሔው ጉልላት ነው። ሃውዚንጉ ፊት ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የተነፋ መስታወት ይገጠማል። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ሌንሱ ስፋቱን አያጣም። እዚህ ድረስ ማንም ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የማይነግራችሁና እኔን ብዙ ብር ያስወጣኝ የሚቀጥለው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጉልላቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱ እንደ ሌንስ ይሠራል። ከፊቱ ያለውን ዓለም በሙሉ ሰብስቦ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። የጉልላቱ ራዲየስ 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በጣም ሩቅ ያለው ነገር፣ የባሕሩ ጥግ ሳይቀር፣ ለካሜራው ከመስታወቱ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚታየው። ከመስታወቱ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ዓሣ ደግሞ 13 ገደማ ላይ ያለ ይመስላል። ካሜራው ፎከስ የሚያደርገው እውነተኛው ዓሣ ላይ ሳይሆን እዚህ ምስል ላይ ነው። አሁን ሌንሳችሁ ከአንድ ሜትር ወዲህ ፎከስ የማያደርግ ከሆነ ምን ይሆናል? ምንም አያይም። ቅርብም ሩቅም የለውም። ሞተሩ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲያጉረመርም ይውላል።

ስለዚህ ሌንስ ስትገዙ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት "ስንት ድረስ ይስባል?" ብላችሁ አይደለም። "ምን ያህል ቅርብ ፎከስ ያደርጋል?" በሉት። ሻጩ ግራ ይጋባል። ይጋባ።

እኔ ሁለተኛውን ሌንስ ከገዛሁ በኋላ የሞከርኩት ቤቴ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጓሮ ትልቅ ሰማያዊ ሮቶ አለን። ክዳኑን አነሳሁና ሃውዚንጉን ከነካሜራው አጠለቅኩት። መጀመሪያ ካሜራ ሳይኖረው ባዶውን ነው ያጠለቅኩት፤ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "የምንጠጣው ነው እኮ!" ትላለች። ሮቶው ውስጥ ያስገባሁትን የቢራ ቆርኪ ጥርት አድርጎ አነሳው። ያን ቀን ነው ሌንስ ገዛሁ ያልኩት። ቆርኪው እስካሁን ኪሴ ውስጥ አለ።

እሺ፣ የትኛው? ብዙ ሰው አስፍቶ የሚያየውን ከ16 እስከ 35 የሚሄደውን ይመኛል። እኔም ተመኝቼዋለሁ። ውሃ ውስጥ ግን አስቸጋሪ ሌንስ ነው። ትልቅ ጉልላት ይፈልጋል፤ አለዚያ አራቱ ማዕዘን ይቀልጣል። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ወይም 13 ማጥበብ ሊኖርባችሁ ነው። ትልቅ ጉልላት ደግሞ ሻንጣ አይችለውም፤ ውስጡ አየር ስለሆነም ካሜራውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ማክሮ ሌንስ፣ 60ም ሆነ 100፣ ለትንንሽ ነገር ግሩም ነው፤ ለማክሮ ያ ጠፍጣፋ መስታወት ራሱ በቂ ነው። ግን ማክሮ ይዛችሁ ዌል ሻርክ ከመጣ ቁጭ ብላችሁ አልቅሱ።

የዓሣ ዓይን የሚባለውን ሌንስ መሬት ላይ እንቀልድበታለን። ሰው ፊቱ ተነፍቶ፣ ሕንፃው ጎብጦ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ግን ንጉሥ ነው። ባሕር ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር የለማ! ኮራል ቢጎብጥ ማን ያውቃል? መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ያለ ነገር ላይ ፎከስ ያደርጋል፤ ትንሽ ጉልላትም ይበቃዋል። ቶኪና የሠራው ከ10 እስከ 17 የሚሄድ ዙም የዓሣ ዓይን፣ አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች፣ በዚህ ሥራ ዓለም የመሰከረለት ነው። የሚያየው ስፋት ከ180 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ይሄዳል። ያገለገለውን ካገኛችሁ አትለፉት።

ግን የእኛ የእንጀራ ነገርም አለ። ከመካከላችን ውሃ ውስጥ ፎቶ በማንሳት ብር የሚያገኝ ካለ፣ ባሕር ውስጥ ሳይሆን ሆቴል መዋኛ ውስጥ ነው። ሙሽራ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን። መዋኛ ውስጥ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ሞልቷል፤ ወለሉም ግድግዳውም ሴራሚክ ነው። ዳር ላይ የቆመ ሙሽራ በዓሣ ዓይን እግሩ ሙዝ ይሆናል። አንዴ አድርጌዋለሁ። ሙሽራዋ ሳቀች፤ ሙሽራው ግን ቀሪ ሂሳቡን እስኪከፍለኝ ፋሲካ አለፈ።

ስለዚህ አንዱን ምረጥ ብላችሁ ብታፋጥጡኝ፣ የኔ መልስ ይሄ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ ሁሉም የሚንቀውን ትንሹን ዙም። በሶኒ ከ28 እስከ 60 የሚሄደውን አስቡ። ፊቱ ላይ ጠፍጣፋ መስታወት። ከዚያ ከውጭ፣ ውሃው ውስጥ እያላችሁ የሚገጠምና የሚፈታ ተጨማሪ ሌንስ። እርጥብ ሌንስ እንበለው። ናውቲካም የሚሠራው ደብሊው ደብሊው ኤል 1 የሚባል አለ፤ 28 ሚሊሜትሩን ወደ 130 ዲግሪ ያሰፋዋል። ሻርክ ሲመጣ በሰፊው፣ ወደ ሙሽራ ፊት ስትሄዱ ዙሙን ጠበብ አድርጋችሁ። ፈታችሁ የማክሮ እርጥብ ሌንስ ብትገጥሙበት እዚያው ጥልቀት ላይ ሽሪምፕ ታነሳላችሁ። ሃውዚንግ መክፈት የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ስትገጥሙት መሃሉ አረፋ ይቀራል። ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ፈታ አድርጋችሁ አስወጡት። ረስቼው ሃምሳ ፎቶ ላይ አንድ ትልቅ አረፋ አብሮ ተነስቷል።

ዋጋውን ዛሬ አልናገርም። ባለቤቴ እዚህ አለች።

ብር ለሌለው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ኦሊምፐስ ቲጂ 6 የሚባል ኪስ የሚገባ ካሜራ አለ። ያለ ሃውዚንግ 15 ሜትር ድረስ ይገባል። ከሌንሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር ያነሳል። ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ልምምድ የምታደርጉ ልጆች እሱ ይበቃችኋል። ላንጋኖ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ለመዋኘት ደስ ይላል፣ ውሃው ሻይ ስለሚመስል የራሳችሁን ጣት ፍለጋ ትገባላችሁ።

ጥምቀትን የሚያስቡም እንዳሉ አውቃለሁ። ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ ግማሹ ከውሃ በታች የሆነ ፎቶ። እኔም አልመዋለሁ። ለእሱ ግን እርጥብ ሌንስ አይሆንም፤ በሌንሱና በመስታወቱ መሃል የግድ ውሃ መኖር አለበት፣ ከላይ በኩል ውሃው ሲፈስ ያበቃል። ቅድም ያማሁት ትልቁ ጉልላት እዚህ ይክሳል። ለአንድ ቀን ተከራዩት ወይ ተዋሱ፤ ለአንድ ቀን አትግዙት።

ከሌንስ ጋር የማይገናኝ ግን ሳልናገር ብወርድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ጅቡቲ በአየር ጠርሙስ ጠልቃችሁ እንደወጣችሁ ወደ አዲስ አበባ አትሩጡ፤ ከጠለቁ በኋላ ቶሎ መብረር ደም ውስጥ አረፋ ፈጥሮ ሊያሳምም ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከአዲስ አበባ አየር ብዙ አይለይም። ስለዚህ በመኪናም በባቡርም ብትመጡ ለደማችሁ እንደ መብረር ነው። ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ። ጅቡቲ ውስጥ ዓሣ በልታችሁ ተኙ።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ሳፋ ታያላችሁ። ውሃ ሞልቼበታለሁ። የኔ ሃውዚንግም ጉልላቱም አሉ። ሌንስ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ካሜራችሁ ከሃውዚንጉ ጋር የሚገጥም ከሆነ እንሞክረዋለን። የማይገጥምም ከሆነ ቆርኪውን ሳፋው ውስጥ ከታች አስቀምጣለሁ፤ በጠፍጣፋውና በጉልላቱ እያፈራረቃችሁ እዩት። ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ፎጣ አለ።