ጠዋት የተነገረን ዋጋ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ለብዙ ሳምንታት ሳወጣና ሳወርድ ስለቆየሁት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከጉርምስናዬ ጀምሮ የምወደው አንድ አንጋፋ የሮክ ባንድ ለኮንሰርቱ ያስጠየቀው የትኬት ዋጋ ነው። የባንዱን ስም አልጠራም፤ ትኬቱን የሸጠውን ድርጅትም እንዲሁ፤ ምክንያቱም የእኔ ቅሬታ የብዙ አድናቂዎች ቅሬታ ነው። በንግግሬ መሐል የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ይህን በምቀዳበት ጠረጴዛ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች፤ የመጀመሪያው ኮንሰርቴ ትኬት ናት። በር ላይ የቆመው ሰው ግማሿን ቀድዶ ስላስቀራት ከባንዱ ስም የመጨረሻዎቹ ፊደላት ብቻ ናቸው የተረፉት። ለዓመታት በኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ታጥፋ በመኖሯ እጥፋቷ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም፤ ቀለሟም ደብዝዟል። ጥግ ላይ የታተመው ዋጋ ግን ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል። ያን ገንዘብ ሳጠራቅም ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ የጎደለውን የሞላልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ባንዱንም ያስተዋወቀኝ እርሱ፣ ወንድም ጋሼ ነው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህን ባንድ ለማየት አብረን ያልሄድንበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ባለፈው ወር የአዲሱ የኮንሰርት ጉዞ ትኬት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ሩብ ሰዓት ቀድሜ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥሁ፤ ወንድም ጋሼም በስልክ አብሮኝ ነበር። ጠዋት የወጣውን የመቆሚያ ቦታ ዋጋ አይተን፣ ውድ ቢሆንም እንደምንም እንችለዋለን ብለን ተስማምተናል። ሰዓቱ ሲደርስ ከፊቴ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወረፋ እንደያዙ የሚገልጽ ቁጥር መጣ። ከቁጥሩ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሳባለች፤ በመስመሯ ጫፍ የምትራመድ ትንሽ የሰው ምስል አለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ያቺን ምስል ስመለከት ቆየሁ፤ ገጹ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አልተነሣሁም። ተራዬ ደርሶ ሁለት ትኬት ስመርጥ፣ ብቅ ያለው ዋጋ ጠዋት ካየነው እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነበር። ከላዩ በቀይ የተጻፈ ሰዓት ቆጣሪ ከ8 ደቂቃ ተነሥቶ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ።

ዋጋውን ነገርሁት። ዝም አለ። «ልክፈል ወይስ ልተወው? ቶሎ በለኝ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አልሁት። እርሱ ግን በለመደው እርጋታ «ቆይ እስቲ፤ ጠዋት የነገሩን ይህን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልሁት። «እንግዲያው ተወው። ውዱንማ ለመክፈል ተስማምተን ነበር፤ ያልተነገረንን ግን አንከፍልም» አለኝ። አንጀቴ ለመክፈልም ለመተውም አልቆርጥ አለ። እንዲህ ሳመነታ ሰዓቱ አለቀ፤ ትኬቶቹም ከፊቴ ጠፉ።

በመጀመሪያ በወንድም ጋሼ ቅር ተሰኝቼበት ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ያነሣው ጥያቄ እኔ ለቀናት ስብሰለሰልበት ከነበረው «ዋጋው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» ከሚለው ጥያቄ የተሻለ መሆኑን ተረዳሁ። የሮክ ኮንሰርት ዋጋ የጨመረው ዛሬ አይደለም፤ ለጭማሪውም ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ምክንያቶች አሉት። አለን ክሩገር የተባሉት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1996 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የኮንሰርት ትኬት አማካይ ዋጋ 82 በመቶ ሲያድግ አጠቃላዩ የሸቀጦች ዋጋ ያደገው በ17 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ለዚህ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱን በሙዚቀኛው ዴቪድ ቦዊ ስም ሰይመውታል፤ ምክንያቱም ቦዊ በ2002 ሙዚቃ እንደ ቧንቧ ውኃና እንደ መብራት በየቤቱ የሚፈስስ ነገር እንደሚሆን፣ ለሙዚቀኛውም የራሱ ሆኖ የሚቀርለት መድረክ ብቻ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። ድሮ ባንዱ ኮንሰርት የሚያሳየው አልበሙ እንዲሸጥ ነበር፤ ስለዚህ ትኬቱን ማርከስ ያዋጣው ነበር። አልበሙ ገንዘብ ማምጣቱን ሲያቆም ያ ምክንያት አብሮ ቀረ። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ይበርዳል፤ እኔ ራሴ የዚህን ባንድ አልበም በገንዘቤ ከገዛሁ ስንት ዓመት ሆነኝ?

ነገር ግን ምክንያቱ አንድ ሆኖ ሳለ የተለያዩ ባንዶች የተለያየ መንገድ መርጠዋል። 1994 ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ ዓመት ኢግልስ ከ14 ዓመት መለያየት በኋላ ተመልሰው ሲሰባሰቡ ለጥሩ መቀመጫ ከ100 ዶላር በላይ አስከፈሉ፤ ይህም በጊዜው ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። በዚያው ዓመት ፐርል ጃም የትኬቱ ዋጋ ከነአገልግሎት ክፍያው ከ20 ዶላር እንዳይበልጥ በመፈለጉ ትኬትማስተር ከተባለው ግዙፍ የትኬት ሻጭ ድርጅት ጋር ተጣላ። ጊታሪስቱ ስቶን ጎሳርድና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄፍ አመንት የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በድርጅቱ ላይ ሲያካሂድ የነበረውን ምርመራ በ1995 ያለ ክስ ዘጋ፤ ባንዱም ከድርጅቱ ውጭ ጉዞ ለማዘጋጀት ሞክሮ ብዙ ከተቸገረ በኋላ ተመለሰ። ወንድም ጋሼ ፐርል ጃም ተሸነፈ ብሎ አያምንም። እኔም በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ከአድናቂው ኪስ በሚወጣው ገንዘብ ምክንያት ሙዚቀኛ ራሱ ተከራክሮ ማየት አድናቂው ለዕድሜ ልክ የማይረሳው ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው እንደ ፈላጊው ብዛት የሚለዋወጥ ዋጋ ነው። በሐምሌ 2022 ብሩስ ስፕሪንግስቲን ከኢ ስትሪት ባንድ ጋር ለሚያደርገው ጉዞ ትኬት ሲሸጥ አንዳንዱ መቀመጫ እስከ 5,000 ዶላር ገደማ ደረሰ። ሻጩ ድርጅት በዚህ መንገድ የተሸጡት ትኬቶች ከጠቅላላው 11.8 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገለጸ። ስፕሪንግስቲን በበኩሉ፣ ያ ከፍተኛ ገንዘብ ያለዚያም ትኬት ቀድመው እየገዙ በሚቸበችቡ ሰዎች እጅ የሚገባ ከሆነ፣ መድረክ ላይ ለሦስት ሰዓት ላባቸውን ለሚያፈስሱት ሙዚቀኞች ቢደርስ ይሻላል የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ይህን መከራከሪያ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ባንዱ ትኬቱን ቢያረክሰው፣ እኔ ከመድረሴ በፊት አትራፊው ገዝቶ በአምስት እጥፍ ይሸጥልኛል፤ ባንዱ አንዳች ሳያገኝ እኔም ያው ተበዝባዥ እሆናለሁ። ሆኖም ለዚህ ሙዚቀኛ 43 ዓመት ሙሉ የጻፈለት ባክስትሪትስ የተባለው የአድናቂዎች መጽሔት፣ በየካቲት 2023 በዚሁ የትኬት ጉዳይ ልቡ ተሰብሮ መዘጋቱን አስታወቀ። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከ1980 ጀምሮ አብሮ የኖረ ወዳጅ እንዲህ ባለ ስሌት ሲሸኝ ስሌቱ ያልቆጠረው ነገር አለ ማለት ነው።

አትራፊውን ለመከላከል ዋጋ መስቀል ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ደግሞ ዘ ኪውር የተባለው ባንድ በ2023 አሳይቷል። የባንዱ ዘፋኝ ሮበርት ስሚዝ የሚለዋወጠውን ዋጋ አልቀበልም አለ፤ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ ትኬቱ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ አደረገ፤ በአንዳንድ ከተሞችም 20 ዶላር የሚያስከፍል መቀመጫ አቀረበ። ከዚያ የአገልግሎት ክፍያው ከትኬቱ ዋጋ በላይ ሆኖ ሲገኝ በይፋ ተቃወመ፤ ድርጅቱም በርካሹ ዋጋ ለገዙት 10 ዶላር፣ ለሌሎቹ 5 ዶላር መለሰ። አሥር ዶላር ብዙ ገንዘብ አይደለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ስሙ የታወቀ አንጋፋ ሙዚቀኛ ደረሰኙን እኛ በምናነብበት ዓይን ማንበቡ ነው።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። በነሐሴ 31፣ 2024 የብሪታንያው ባንድ የኦዌሲስ ትኬት ሲሸጥ፣ ወደ 150 ፓውንድ የሚጠጋ የመቆሚያ ቦታ ዋጋ አይተው ለሰዓታት የተሰለፉ ሰዎች ተራቸው ሲደርስ 355 ፓውንድ ተጠየቁ። በጊዜው ሁላችንም ኮምፒውተሩ የወረፋውን ርዝመት እያየ በየደቂቃው ዋጋ የሚሰቅል መስሎን ነበር። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን መርምሮ ያገኘው ግን ሌላ ነው፤ የመቆሚያ ትኬቶቹ ከመጀመሪያው በሁለት የዋጋ እርከን ተመድበው ነበር፤ ርካሾቹ ሲያልቁ ውዶቹ ይወጣሉ፤ ወረፋ ላይ ላለው ሰው ግን ይህን የነገረው አልነበረም። በመስከረም 2025 ሻጩ ድርጅት እንዲህ ያለ እርከን ሲኖር ከ24 ሰዓት በፊት ለማሳወቅ ተስማማ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሁለቱ ዋጋዎች ቀድመው የተወሰኑ ከሆነ፣ ቀድመው ሊነገሩ ይችሉ ነበር። ሰው ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ፣ ሌላ ወጪ አጥፎ፣ ወይም በክብር ትቶ ቀኑን በሌላ ነገር ያሳልፍ ነበር። ያልተነገረው ሰው ግን የሚወስነው ለሰዓታት ከደከመ በኋላ፣ ቀይ ሰዓት እየቆጠረበት፣ ከኋላው በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዳለ እየተነገረው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚከፈል ገንዘብ ፍቅርን መያዣ አድርጎ የተወሰደ ገንዘብ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጎኔ ቆሞ አብሮኝ የሚዘፍነው አድናቂም በዚያች ሰዓት ወዳጄ መሆኑ ቀርቶ ዋጋውን የሚያንርብኝ ተፎካካሪዬ ይሆናል፤ ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው።

የቆየን አድናቂዎች ስለሆንን ቅናሽ ይገባናል የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልደግፍም። ባንዱ ለሠላሳ ዓመት የከፈልሁትን ያህል ሰጥቶኛል፤ ዕዳ የለበትም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ገና አድናቂ ያልሆነው ልጅ ነው። እኔ በዚያች የተቀደደች ትኬት የገባሁት የሁለት ወር ቁጠባና የወንድሜ ድጎማ ስለበቃኝ ነው። ዛሬ በያኔው የእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ያን ያህል ጊዜ ቢያጠራቅም የአገልግሎት ክፍያውን ቢሸፍንለት ነው። ባለፈው ኮንሰርት ዙሪያዬን ስመለከት ከፊት የቆምነው ሁላችንም ሽበት ያለብን ነበርን። አንጋፋ ባንድ ፊት አንጋፋ ሰው መቆሙ አይገርምም፤ ግን በፊት በፊት ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያወጡ አባቶች አይ ነበር፤ በዚያች ሌሊት አንድም አላየሁም። ለአራት ሰው የሚከፍል አባት ልጆቹን ትቶ ብቻውን እንደሚመጣ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም።

ደግሞም «ይህ የመጨረሻው ጉዞ ሊሆን ይችላል» የሚል ስጋት አለ። የባንዱ ሰዎች አርጅተዋል፤ እኛም አብረን እያረጀን ነው። ይህ ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ማንም ሰው እጁ እያጠረው ሲከፍል አልፈርድበትም፤ የመሰነባበቻ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለሌላ ሰው መንገር አይቻልም። ለእኔ ግን መሰነባበቻው እንደዚያ ቀይ ሰዓት እየቸኮለ እንዲሆን አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባንዱ አንድ ተጨማሪ ምሽት ጨመረ። በዚህኛው ሽያጭ የየመቀመጫው ዋጋ ከነአገልግሎት ክፍያው ተደምሮ ከሦስት ቀን በፊት ወጣ። ርካሽ አልነበረም። ወንድም ጋሼና እኔ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ሁለት ምሽት በስልክ ተነጋግረን፣ ከመድረኩ ጀርባ በጎን በኩል፣ ግዙፉን ስክሪን ከማያሳየው ረድፍ ሁለት መቀመጫ መረጥን። ተራዬ ሲደርስ ዋጋው ወረቀቴ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነበር፤ ቀዩ ሰዓት አሁንም ይቆጥራል፤ እኔ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨርሼ ደወልሁለት። ዘፋኙን ከጀርባው ብቻ እንደምናየው ሳስታውሰው ወንድም ጋሼ ሳቀ። በዚያ በኩል የከበሮ መቺው እጅ እንደሚታይ፣ ያንን እጅ ከቅርብ ለማየት ደግሞ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ሲመኝ እንደኖረ ነገረኝ።