«ናቹራል» የማን ቆዳ ነው?

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ። ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ኮስሞቲክስ ቤት። ካሜራው የፋውንዴሽን መደርደሪያው ላይ ይቆማል።]

እስቲ የፋውንዴሽን፣ ማለትም ፊት ላይ የሚቀባውን ቆዳ መሳይ ሜካፕ፣ ጠርሙሶች ገልበጥ አድርገን ስማቸውን እናንብብ። ፈካ ያሉት «ፖርስሊን»፣ «ፌር»፣ «ናቹራል» ይላሉ። ጠቆር ወዳሉት ስንመጣ «ካራሜል»፣ «ሞካ»፣ «ቸኮሌት» ይሆናል። አንዱ ቆዳ ተፈጥሯዊ ተባለ። ሌላው የምግብና የመጠጥ ስም ወጣለት። ስም አውጪው የማንን ፊት መነሻ እንዳደረገ ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። ክራዮላ የተባለው የአሜሪካ የከለር አምራች ነጣ ያለ ሮዝማ ቀለሙን «የሰው ገላ» ብሎ ለልጆች ሲሸጥ ኖሯል። ስሙን «ኮክ» ብሎ የቀየረው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ጠይም ልጅ ራሱን በየትኛው ከለር ይሳል?

[ምስል፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ዱቄት በትንንሽ ሰሃን።]

ፋውንዴሽን ውስጥ የሚገባው ቀለም ብዙ አይደለም። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። በጣም የፈካውም በጣም የጠቆረውም በአብዛኛው ከእነዚሁ ይሠራል፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ለጥቁር ቆዳ በተሠራው ውስጥ ነጩ ከበዛ ፊት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ስለዚህ ጥሩ ስም ሁለት ነገር ይንገረን። ምን ያህል ጠቆረ? ወደ ምንስ ያደላል? ወደ ወርቃማ፣ ወደ ቀይ ወይስ መሃል ላይ ነው? እኩል ጠይም ለሆኑ ሁለት እህትማማቾች አንድ ፋውንዴሽን ላይሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘፋኟ ሪሃና «ፌንቲ ቢዩቲ» የተባለውን የሜካፕ ድርጅቷን በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 ሼድ (የቀለም ዓይነት) ስትጀምር ፋውንዴሽኖቹ የተጠሩት በቁጥር ነው። ቁጥር አያሞግስም፣ አይሰድብም። ግን የአንዱ ድርጅት ቁጥር ከሌላው አይገጥምም፤ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ጉግልም በ2022 እ.ኤ.አ. የሶሲዮሎጂ ምሁሩን የኤሊስ መንክን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ ይፋ አድርጓል። ከዚያ በፊት በብዛት ይሠራበት የነበረው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ 6 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። እሱም የወጣው ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ ለመለየት እንጂ ለሜካፕ አይደለም።

[ምስል፦ ባለሱቋና ደንበኛ።]

ወደ ሱቃችን እንመለስ። እዚህ የሚጠየቀው «እህቴ፣ ለቀይ ነው ለጠይም?» ነው። ጥቁሯስ የት ትግባ? ብዙ ጊዜ «ጠቆር ያለች ጠይም» ተብላ ትታለፋለች፤ ጥቁር መባል ነውር ይመስል። ቀጥሎ «ላንቺ የሚሆን አልመጣም» ትባላለች። ይኼ በጣም ያሳዝነኛል። «ጥቁር»፣ «ጠይም»፣ «ብስል ቀይ»፣ «ቀይ ዳማ» የሚሉ ያማሩ ቃላት አሉን እኮ! ባለሱቆች፣ «ጥቁር፣ ወደ ቀይ የሚያደላ» እያላችሁ መደርደሪያው ላይ በአማርኛ ለጥፉ።

ገዢዎች ደግሞ፣ እጃችሁ ላይ አትሞክሩት። አገጭና አንገት የሚገናኙበት ጋ ቀቡት። የሱቅ መብራት ያታልላል፤ ደጅ ወጥታችሁ እዩት። አንዳንዱ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ትንሽ ታገሱ። የሚሆናችሁ ከጠፋ ዝም ብላችሁ አትውጡ፤ የምትፈልጉትን ሼድ ባለሱቋ ደብተር ላይ አስጽፉ። መርካቶ ዕቃ ልታመጣ ስትወርድ ይዛ የምትመለሰው የተጠየቀችውን ነው።