የሆድ ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን፤ ስናዝን «አንጀቴን በላው»፤ ቆራጡን ሰው ደግሞ «ሐሞተ ኮስታራ»። ሆዳችን ውስጥ ያለውን ሁሉ በስም እንጠራዋለን። ሲያመን ግን የምናውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፦ ጨጓራ።

አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ዓሣ ሲያሰግር የኖረ ሰው ነው። ሆዱን ሲቆርጠው ተልባ ይጠጣል፣ የጨጓራ ክኒን ይገዛል። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ አፈረና ለማንም ሳይናገር ዓመታት አለፉ።

እስቲ የምንበላውን እንከተለው። ቤት ስትገቡ ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ደጋግማችሁ አኝኩ፤ እየጣፈጠ ይመጣል። ምራቃችን ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ በአሲድ እያሸ ያላቁጠዋል እንጂ ዋናው ሥራ ያለው ትንሹ አንጀት ላይ ነው። 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ውስጡ እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው። ጉበት የሚሠራው ሐሞት ቅባቱን ይበትናል። ያ «አረረ» የምንለው ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ምግቡን የሚፈጭ ፈሳሽ ይልካል። ትልቁ አንጀት የተረፈውን ውኃ ይመጥጣል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ከአንጀት ምግብ ተሸክሞ የሚነሣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል የሚኖረው በዚሁ መንገድ፣ አንጀትን በከበቡት የደም ሥሮች ውስጥ ነው። ከእንቁላሎቹ ገሚሱ የአንጀትን ግድግዳ ቀዶ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ገሚሱን ደሙ ጉበት ላይ ይጥለዋል። ትሉ በአፍ አይገባም። ሜዳ ላይ የተጣለ ሰገራ ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ስንቆም ቆዳችንን በስቶ ይገባል።

ላብራቶሪ ሥራ በጀመርኩ ጊዜ አባቴን ለምኜ የሰገራ ናሙና ሰጠኝ። ማይክሮስኮፑን ሳስተካክል ሞላላ እንቁላል ታየኝ፤ ጎኑ ላይ እንደ ግራር እሾህ የሾለ ነገር አለው። እጄ ተንቀጠቀጠ። የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሆነውን ፕራዚኳንቴል ወሰደ፣ ደሙም ቆመ። ጉበቱ ግን ቀድሞ ጠጥሮ ነበር።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች አሉ። በአንድ ቀን ናሙና እንቁላሉ ላይገኝ ስለሚችል ለሦስት ቀን ሦስት ሦስት ውሰዱ፤ ጠዋት ጠዋት እዚሁ እቀበላችኋለሁ። አባታችሁ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ልጆች፣ ለእሱም ጨምራችሁ ያዙ።