ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የተጻፈውን ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ደብረ ማርቆስ ድረስ ከየወረዳው መጥታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ሌሊት ተነስታችሁ ነው መንገድ የጀመራችሁት፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩም፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩም፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ መዝገብ የምትይዙም ይኼን ሥራ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሺህ ረድፍ ያለው ፋይል አለ። ቀበሌ፣ ሰብል፣ የማዳበሪያ ዓይነት የሚሉ ዓምዶች አሉት። ኃላፊው ይመጣና «የትኛው ቀበሌ ላይ፣ ለየትኛው ሰብል፣ የትኛውን ማዳበሪያ ስንት ገበሬ ወሰደ?» ብሎ ይጠይቃል። ለነገ ጠዋት ነው የሚፈልገው። እናንተ የሦስቱን ዓምዶች ጥምረት ወስዳችሁ፣ እያንዳንዱ ጥምረት ስንት ጊዜ እንደተደገመ ቆጥራችሁ፣ ውጤቱን በፋይል ትሰጡታላችሁ።

ቆጠራው ራሱ ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ በየምድቡ የሚቆጥር ፒቮት ቴብል አለ። ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ግሩፕ ባይ የሚባለውን የመመደቢያ ትእዛዝ ታውቃላችሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የለመዳችሁ ካውንተር የሚባለውን ቆጣሪ ትጠራላችሁ፤ ሦስቱን ዋጋዎች እንደ አንድ ቁልፍ ይይዝና በየረድፉ ይሄዳል፣ ቁልፉ አዲስ ከሆነ 1 ይጽፋል፣ ከዚህ በፊት ካየው 1 ይጨምርበታል። በቃ ይኼው ነው። ሊነክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ዩኒክ በሚባለው ትእዛዝ የምትቆጥሩ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እሱ የሚያወዳድረው ጎን ለጎን ያሉ መስመሮችን ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ በሶርት ካልደረደራችሁት አንዱን ጥምረት አምስት ቦታ ቆራርጦ ያመጣላችኋል።

ዋናው ጣጣ ያለው ከቆጠራው በፊት ነው። እነዚህን ሦስት ረድፎች እዩልኝ፦

ፍኖተ ሰላም፣ በቆሎ፣ ዩሪያ
ፍኖተ ሠላም፣ በቆሎ፣ ዩሪያ
ፍኖተሰላም፣ በቆሎ፣ ዩሪያ

እኔና እናንተ ስናነበው አንድ ከተማ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ቦታ አድርጎ ነው የሚያየው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሠ 1220 የሚል ቁጥር አለው፣ ሰ ደግሞ 1230፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ማሽኑ ከየት ያውቃል? ስለዚህ «3» በማለት ፈንታ ሦስት ቦታ «1፣ 1፣ 1» ብሎ ይሰጣችኋል። ከስሙ መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የገባ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ አራተኛ ይጨመራል፣ እሱን እንኳ በዓይን አታዩትም። ባሕር ዳርና ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ደ/ማርቆስ፣ ሁሉም ያው ነው።

ይኼ የተከፋፈለው ግን ቢያንስ ይታያል። ውጤቱን በፊደል ተራ ስትደረድሩት አብዛኛው ተጠጋግቶ ይመጣል፣ ያኔ ትይዙታላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። «ም/ጎጃም» ተብሎ የተጻፈ ዓምድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ምሥራቅ ነው ምዕራብ? ሁለቱም በም ነው የሚጀምሩት። አንዱ ጸሐፊ ምሥራቅ ጎጃም ያለውን እነማይን ለማለት፣ ሌላው ምዕራብ ጎጃም ያለውን ቡሬን ለማለት ያንኑ አኅጽሮት ሲጠቀም ሁለቱ ዞኖች ተዋህደው አንድ የሚያምር ትልቅ ቁጥር ይወጣል። ውጤቱን ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም። ከተቆጠረ በኋላ ደግሞ ከድምሩ ላይ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ወደ ዋናው መዝገብ መመለስ ግድ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ሙሉ ይጻፉ። ጥቂት ፊደል ለመቆጠብ ብለን ዞን አንደባልቅ።

መፍትሔው ምንድን ነው? ዋናውን ዓምድ አትንኩት። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ክፈቱና የተስተካከለውን ስም እዚያ አስገቡ። ለዚህ ትንሽ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ በአንድ በኩል ፋይሉ ውስጥ የተገኘው አጻጻፍ በሙሉ፣ በሌላው በኩል የተስማማንበት አንድ አጻጻፍ። ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ ለቆጠራው ቁልፍ ብቻ ወደ አንድ ይመጣሉ። በዚህ መንገድ ሰው ደብዳቤ ላይ ሠ መጻፉን ተዉ አላልኩም፤ ፊደላችን ይከበር፣ ቆጠራውም ይስተካከል። የሰው ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ዓለሙና አለሙ በቁልፍ አንድ ስለሆኑ ብቻ አንድ ገበሬ ናቸው ማለት አይደለም።

ቅደም ተከተልም አለ። አንዱ ገበሬ ጋ «በቆሎና ቦሎቄ» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጎረቤቱ ጋ «ቦሎቄና በቆሎ»። የሰብል ጥንድ የምትቆጥሩ ከሆነ በየረድፉ ሰብሎቹን በፊደል ተራ ደርድሩና ከዚያ ቁጠሩ። 10 ሰብል ካለ ሊኖሩ የሚችሉት ጥንዶች 45 ናቸው። ውጤታችሁ ላይ 70 ጥንድ ካያችሁ ሳትደረድሩ ነው የቆጠራችሁት፣ ወይም የአንዳንድ ሰብሎች ስም ከአንድ ዓይነት በላይ ተጽፏል።

አሁን ስለ ባዶና ስለ ዜሮ። ፓንዳስ የሚባለውን የፓይተን የሠንጠረዥ መሣሪያ የምትጠቀሙ፣ ካላዘዛችሁት በቀር አንዱ ዓምዱ ባዶ የሆነ ረድፍ ከቆጠራው ይወጣል። ዝም ብሎ ነው የሚወጣው፣ ማስጠንቀቂያ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ የብዛት ዓምዱን ደምሩና ከዋናው ፋይል የረድፍ ብዛት ጋር አስተያዩት። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት፣ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ 30 ካልመጡ ስሌቱ አንድ ቦታ ተሰብሯል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ነው። እዚህም ድምሩ ካልገጠመ ፋይሉ ከቢሮ አይውጣ።

ዜሮው ደግሞ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያሳዩት የተገኘውን ጥምረት ነው። ጮቄ ተራራ ሥር ካለ አንድ ቀበሌ ለድንች ማዳበሪያ የወሰደ አንድም ሰው ከሌለ፣ ያ ቀበሌ «0» ተብሎ አይመጣም፤ ከነጭራሹ ረድፍ የለውም። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው የማያየውን ነገር እንዴት ይጠይቅ? ኃላፊው በዋናነት ማወቅ ያለበት እኮ ያንን ቀበሌ ነው! ስለዚህ ሊኖሩ የሚገባቸውን ጥምረቶች በሙሉ መጀመሪያ ሥሩ፤ 5 ቀበሌ፣ 4 ሰብል፣ 2 ዓይነት ማዳበሪያ ካለ 40 ረድፍ ይሆናል። ቆጠራውን እዚያ ላይ ሙሉ፣ ያልተገኘው ላይ 0 ጻፉ። ከዚያ ዜሮዎቹን አጣሩ፤ ሰብሉ እዚያ ስለማይዘራ ነው ወይስ ማዳበሪያው ስላልደረሰ?

ስለ ሴቭ ማድረግ ባጭሩ። ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል፣ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ኤክሴል ላይ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ሲኤስቪ ምረጡ፤ በፓይተን ከሆነ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሉት። አለበለዚያ ተቀባዩ ኤክሴል ላይ ሲከፍተው አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሊሆንበት ይችላል። ቀበሌ 03 ሲኤስቪውን በቀጥታ ስትከፍቱት 3 ይሆናል፤ ዓምዱን ጽሑፍ ነው ብላችሁ አስገቡት። ቀን ደግሞ ወር በሚቀድምበት ኮምፒውተር ላይ 5/13/2016 ብላችሁ ጳጉሜን 5ን ብትጽፉ ኤክሴል ሜይ 13 አድርጎ ይወስደዋል። የእኛን ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ለያይቶ መጻፍ ይሻላል። ከውጤቱ ጋር የማስተካከያ ሠንጠረዡንም አያይዙ፤ ነገ በናንተ ቦታ የሚቀመጠው ልጅ ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ማየት አለበት።

በሉ እንግዲህ፣ ኮምፒውተሮቻችሁን ክፈቱ። ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል ገልብጡ፣ ዋናውን ሳትነኩ በቅጂው ሥሩ። ቆጠራ ከመጀመራችሁ በፊት ጠቅላላ የረድፉን ብዛት ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፣ ከዚያ በቀበሌው ዓምድ እንጀምራለን።