ፍንጩ የታለ?

የፊልም ክበባችን አባላት፣ ወዳጆቼ፣

የወንጀል ፊልም ያልተጠበቀ መጨረሻ ለምን እንደሚማርከን እንድናገር ነው የጠራችሁኝ። ብዙ ነጥብ ይዤ ነበር፤ አንዱ ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ በእሱ ልጀምር።

ባለፈው አብረን ያየነውን ፊልም ታስታውሳላችሁ። ገዳዩን ፍለጋ ሁለት ሰዓት ስንደክም ቆየን። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስሙ እንኳ ተነስቶ የማያውቅ መንትያ ወንድም ከሰማይ ዱብ አለ። ከመካከላችን ያጨበጨቡ ነበሩ፤ እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነው የወጣሁት። ይህ ማስደነቅ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው! ተመልካች ጊዜውንና ልቡን ሰጥቶ ሲከታተል እንዲህ አይደረግም!

እስቲ «ዘ ዩዥዋል ሰስፔክትስ»ን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ ጸሐፊው ክሪስቶፈር ማኳሪ ኦስካር የተሸለመበት ፊልም ነው። ያላያችሁት ስለምትኖሩ መጨረሻውን አልናገርም። መጀመሪያ ሳየው አፌን ይዤ ቀረሁ። በማግስቱ ደግሜ ከፈትኩት። የመጀመሪያ ቀን ተጠርጣሪው ፖሊስ ቢሮ ተቀምጦ ሲያወራ አፍ አፉን ነበር የማየው። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ተከተልኩ። መርማሪው ጥያቄ ሳይጀምር፣ ገና ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ ዓይኑ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ካሜራው ቀስ ብሎ ያሳያል። ፍንጩ አልተደበቀም። ፊት ለፊቴ ነበር፤ እያየሁ አላየሁም።

የሚማርከንም ይኸው ነው። መሸነፋችን አያስከፋንም፤ ሁሉም ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነው የተሸነፍነው። የመጨረሻዋ ደቂቃ ያለፉትን ሁለት ሰዓታት እንደ አዲስ ታስነብበናለች፤ ተራ የመሰለን ንግግር ሁሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል። መንትያውን ወንድም ለማግኘት ግን ያንን ፊልም መቶ ጊዜ ብደግመው ምን አገኛለሁ? ምንም!

የፊልምን መጨረሻ ላላዩት እየተናገሩ ስለሚያበላሹም አንድ ነገር ልበል። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ክሉዞ እ.ኤ.አ. በ1955 ፊልሙ «ሌ ዲያቦሊክ» ሲያልቅ ያያችሁትን ለወዳጆቻችሁ አትንገሩ ብሎ በጽሑፍ ተማጽኗል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክም እ.ኤ.አ. በ1960 ፊልሙ «ሳይኮ» ከተጀመረ በኋላ ማንም አዳራሽ እንዳይገባ አድርጓል። እባካችሁ፣ እኛም አፋችንን እንሰብስብ።

ስለ ሙዚቃውና ስለ ትወናው ሌላ ቀን እንጨዋወታለን። አሁን የአጭር ፊልም ጽሑፍ የምታዘጋጁትን ልለምናችሁ፦ የመጨረሻውን ገጽ ስታስረክቡኝ፣ ፍንጩን ያስቀመጣችሁበትን የገጽ ቁጥር ከጎኑ ጻፉልኝ። ቁጥር የሌለውን አላነብም።

አመሰግናለሁ።