የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ መናጥ ያደባልቃል ወይስ ይለያል?

ዛሬ አራት ስልክ ተቀበልን። አራቱም ስለ ፈሳሽ ነገር ሆነ፤ አስበንበት አልነበረም።

«ልጄ ውሃና ዘይት በጠርሙስ አድርጎ ሲንጠው ተደባለቀለት። እኔ ደግሞ እርጎ ስንጥ ቅቤው ይለያል። መናጥ አንዱን አደባልቆ ሌላውን የሚለየው እንዴት ነው? ደግሞ በክረምት ቅቤው አልወጣ ብሎ ክንዴን ይጨርሰዋል።» (ከቢቸና፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ ይህን ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ምን ያህል ደስ ባለኝ!

መጀመሪያ የልጅዎን ጠርሙስ እንይ። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፉ ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ ውሃና ውሃ ጥብቅ ብለው ይያያዛሉ። ዘይት እንዲህ ዓይነት ጫፍ የለውም፤ መሀላቸው መግባት አይችልም። ሲናጥ ተሰባብሮ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል እንጂ አልተቀላቀለም። ጠርሙሱ ቁጭ ሲል ጠብታዎቹ እየተገናኙ ይዋሃዳሉ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው፤ ውሃ አንድ ኪሎ። ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል።

ወተት ግን ከላሟ ጡት ሲወጣ ጀምሮ ቅባቱ የተሰባበረ ነው። እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ ስስ ልባስ አላት። ልባሱ ፕሮቲንና ፎስፎሊፒድ ነው፤ ፎስፎሊፒድ ደግሞ አንድ ጎኑ ውሃ፣ ሌላው ጎኑ ቅባት ይወዳል። ከሁለቱም ወገን የሚዛመድ ሽማግሌ በሉት። ጠብታዎቹ ቶሎ እንዳይዋሃዱ የሚከለክለው እሱ ነው። ኢመልሽን የምንለው ይህንን ነው፦ የማይቀላቀሉ ሁለት ፈሳሾች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በጠብታ ተበትኖ።

እርስዎ ሲንጡ ያንን ልባስ እየቀደዱት ነው። የተቀደዱት ጠብታዎች ይጣበቃሉ፣ ይጠራቀማሉ፣ ቅቤ ይሆናሉ። ልጅዎ ኢመልሽን ለመሥራት ይታገላል፤ እርስዎ ላሟ የሠራችውን ያፈርሳሉ።

ለክረምቱ እንዲህ ነው። ቅቤ እንዲወጣ ቅባቱ ግማሹ የረጋ፣ ግማሹ ፈሳሽ መሆን አለበት። የረጋው ልባሱን ይወጋል፣ ፈሳሹ እንደ ሙጫ ያጣብቃል። በጣም ሲበርድ ሁሉም ስለሚጠጥር ጠብታዎቹ ይጋጫሉ እንጂ አይጣበቁም። በጣም ሲሞቅ ደግሞ ቅቤው ይልፈሰፈሳል፤ ብዙው ከአሬራው ጋር ይቀራል። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል፣ ግን እጅ የማያቆረፍድ። ስለዚህ ቅሉን ምድጃ አጠገብ ትንሽ ያቆዩት፣ ወይም ውጭውን ለብ ባለ ውሃ ያርሱት። የፈላ ውሃ እርጎው ውስጥ መጨመሩን አልወደውም። ቅሉንም እስከ አፉ አይሙሉት፤ ከግማሽ ብዙ ባይዘልቅ ይሻላል። እርጎው ካልተላጋና አየር ካላገኘ ሥራው ይረዝማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅቤውም ራሱ ኢመልሽን ነው፤ የተገለበጠ። በወተት ጊዜ ቅባቱ ውሃ ውስጥ ነበር፣ አሁን ውሃው ቅባት ውስጥ ገባ። የፋብሪካ ቅቤ ከመቶ 16 እጅ ገደማ ውሃ ነው፤ የቤት ቅቤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ቅቤ ሲያነጥሩ ያ ሁሉ መንጫጫት የዚያ ውሃ ነው።

«ባጃጅ ነጂ ነኝ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ገዝቼ ሞተሩ ተንገጫግጮ ቆመ። ውሃ አለበት አሉኝ። ሳልቀዳው ማወቅ እችላለሁ?» (ከፍኖተ ሰላም)

ትችላለህ ወንድሜ። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ ውሃው ከታች ይተኛል። ውስጡን የሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ትንሽ አቆየው። ከሥር መስመር ከሠራ ውሃ ነው። ሞተሩ የሚስበው ከታንከሩ ሥር ስለሆነ መጀመሪያ የሚደርሰው ያው ውሃ ነው።

ላምባ ከተቀላቀለበት ግን ጠርሙሱ ምንም አይነግርህም። ላምባና ቤንዚን የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ፣ እንደ ዘይት ጫፍ የሌላቸው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይቀላቀላሉ። ዓመት ብታስቀምጠው አይለይም። አጭበርባሪ ውሃ ከሚጨምር ላምባ መጨመር የሚቀናውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር እንደ ወተት ይነጣል። የቤት አረቄ ግን እንዲያ ሲሆን አላየሁም። ኡዞው ምን ገብቶበት ነው?» (ከባሕር ዳር)

አኒስ የሚባል ቅመም ነው። በአኒስ ውስጥ አኔቶል የሚባል መዓዛ ያለው ዘይት አለ፤ የእንስላልም ሽታ ባብዛኛው ከእሱ ነው። አኔቶል አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃ ውስጥ ግን እምቢ ይላል። ኡዞው ውስጥ አልኮሉ ይዞታል። ውሃ ሲበዛበት አልኮሉ ይቀጥንና ይለቀዋል። ዘይቱ በቅጽበት ሚሊዮን ጠብታ ሆኖ ይበተናል፤ ብርሃን ጠብታዎቹ ላይ ሲበተን ዓይናችን ነጭ ያያል። ማንም ሳይንጠው የሚሠራ ኢመልሽን ነው። የቤት አረቄ ግን አኒስ ካልገባበት ዋናው ነገሩ አልኮልና ውሃ ነው፤ እነሱ ደግሞ በጣም ይስማማሉ። 50 ሚሊሊትር ንጹህ አልኮልና 50 ሚሊሊትር ውሃ ብትደባልቅ 100 አይሞላም፤ 96 ወይም 97 ገደማ ነው የሚሆነው። ይህን ያህል ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት።

«ሳንዱች ቤት አለኝ። ማዮኔዝ ስሠራ አንዳንዴ ዘይቱ ተለይቶ ይፈርስብኛል። ለጾም ደግሞ ያለ እንቁላል ይሆናል?» (ከደብረ ማርቆስ)

የፈረሰው ዘይቱን ቶሎ ስላፈሰስሽው ይመስለኛል። በማዮኔዝ ሽማግሌው አስኳሉ ነው፤ ሌሲቲን የሚባል ፎስፎሊፒድ አለው። መጀመሪያ ላይ ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ ነው የሚለው። ከያዘ በኋላ በቀጭኑ ማፍሰስ ይቻላል። የፈረሰውን አትድፊው። አንድ አዲስ አስኳል ምቺና የፈረሰውን በማንኪያ በማንኪያ ጨምሪበት፤ ይመለሳል።

ለጾም ይሆናል። በጾም የምንሠራው የሱፍ ውሃ ያለ ወተት የሚነጣው፣ የፍሬው ዘይት ከነልባሱ ውሃው ውስጥ ስለሚበተን ነው። ለማዮኔዝ የአኩሪ አተር ወተት ውሰጂ፤ አንድ እጅ ወተት፣ ሁለት እጅ ዘይት። ሁለቱም እኩል ሙቀት ይኑራቸው፣ ከፍሪጅ የወጣ ወተት አትጠቀሚ። ወተቱን ብሌንደር ውስጥ እያዞርሽ ዘይቱን በቀጭኑ ጨምሪ። ሎሚና ሰናፍጭ መጨረሻ ላይ፣ ሎሚው ሲገባ ይበልጥ ይወፍራል።